ስለ ወተት እፍግታና ስለ ላክቶሜትር፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። በቀን 30 ሊትር ገደማ ወተት ላም ካላቸው ሰዎች እቀበላለሁ። ግማሹ ለማኪያቶ፣ ግማሹ ለእርጎ ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ያቺን የብርጭቆ ዘንግ ወተት ውስጥ ስነክር ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል። ወተት የሚያመጡትም ይጠይቃሉ፣ ደንበኛም ይጠይቃል፣ ልጆችም ይጠይቃሉ። አንድ በአንድ ከመመለስ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

እፍግታ ማለት ምንድነው? ወተትን ምን አገባው?

አንድ ነገር በያዘው ቦታ ልክ ስንት ይመዝናል ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። 1 ሊትር ደህና የላም ወተት ደግሞ 1 ኪሎ ከ30 ግራም አካባቢ ይመጣል። ጨዋታው ሁሉ ያቺ 30 ግራም ላይ ነው።

ከየት መጣች? ወተት ውስጥ ያለው ስኳር፣ ፕሮቲንና ማዕድን ከውሃ ይከብዳል። ቅቤው ግን ከውሃ ይቀላል፤ ስልባቦቱ ላይ ወጥቶ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ስለዚህ የምታነቡት ቁጥር የሁለት ጉልበት ውጤት ነው፦ አንዱ ያከብደዋል፣ ሌላው ያቀለዋል። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

ላክቶሜትር እንዴት ነው የሚሠራው?

ሆዱ ያበጠ፣ አንገቱ የቀጠነ የብርጭቆ ዘንግ ነው። ታቹ ክብደት ስላለው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ቀላል ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ጠለቅ ይላል። አንገቱ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ በብዛት ከ15 እስከ 40። 30 ላይ ከቆመ እፍግታው 1.030 ነው፣ 27 ላይ ከቆመ 1.027። ይህ ዓይነቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረ ኬቬን በሚባል ፈረንሳዊ የመድኃኒት ባለሙያ ስም ነው የሚጠራው።

ቁጥር የሌላቸው፣ ቀለም ብቻ የተቀቡም አሉ። እነሱን አትግዙ። "ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው" የሚል ዕቃ ጠብ ከማስነሳት ሌላ አይጠቅምም።

ጥሩ ወተት ስንት ማንበብ አለበት?

ወተቱ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሆኖ ከ26 እስከ 32 ድረስ። ከ26 በታች ከወረደ ውሃ ጠርጥሩ። ጠርጥሩ ነው ያልኩት፣ ፍረዱ አላልኩም።

በትክክል እንዴት ይለካል? እኔ በለካሁ ቁጥር ሌላ ቁጥር ነው የሚመጣው።

አብዛኛው ስህተት ከወተቱ ሳይሆን ከእጃችን ነው። መጀመሪያ ወተቱን አማስሉት። ጀሪካን ውስጥ ቆሞ የመጣ ወተት ቅባቱ ላይ፣ ቀጭኑ ታች ነው፤ ከላይ ብትቀዱ ሌላ፣ ከታች ብትቀዱ ሌላ ይነበባል። ግን አትምቱት! እየተናጠ አረፋ ከያዘ አየር ይገባበታል፣ አየር የገባበት ወተት ደግሞ ቀለል ብሎ ይታያል። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ መገልበጥ ይበቃል።

ከዚያ ረጅምና ቀጭን ዕቃ ውስጥ፣ በጠርዙ በኩል ቀስ አድርጋችሁ ቅዱ። መለኪያ ሲሊንደር ከሌላችሁ አናቱ የተቆረጠ የውሃ ሃይላንድ ይሆናል፣ ብቻ ላክቶሜትሩ ታቹን ሳይነካ መንሳፈፍ አለበት። ዘንጉን ጣል አታድርጉት። ይዛችሁ አስገቡትና ሊቆም ሲል ልቀቁት። ግድግዳውን ከነካ ይጣበቃል፣ ውሸት ያነባል። እስኪረጋ ጠብቁ፣ ዓይናችሁን ከወተቱ ገጽ እኩል ዝቅ አድርጉና አንብቡ። ወተት ስለማያሳይ የሚነበበው አንገቱን ተከትሎ ከፍ የሚለው ላይኛው ጠርዝ ነው። ቆሞ ከላይ ወደ ታች እያየ የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ እኔም ወገቤን ባመመኝ ቀን እንደዚያ ነኝ።

ወዲያው ቴርሞሜትር አስገቡና ሙቀቱን ጻፉ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ላክቶሜትሩን ባትገዙትም ይሻላል።

ሙቀቱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። እኔን ሰው አስቀይሞኛል።

ቁርስ ቤቱን በከፈትኩ ሰሞን ነው፣ ዕቃውንም ገና መግዛቴ ነበር። ወተት የሚያመጡልኝ አንዲት እትዬ አሉ፤ ከከተማው ዳር፣ ከጅሬን በኩል ነው የሚመጡት። አንድ ማለዳ ወተቱን እንደታለበ፣ ጀሪካኑ እጅ እያሞቀ አመጡልኝ። ነከርኩት፣ 25 አነበበ። ደንበኛ ተቀምጦ እያየ፣ "እትዬ፣ ይሄ ውሃ ገብቶበታል" አልኳቸው። አንዲት ቃል አልመለሱልኝም። ወተቱን ትተውት ሄዱ፣ በማግስቱም አልመጡም።

ያንኑ ወተት ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። እኩለ ቀን ላይ እልህ ይዞኝ ደግሜ ብለካው 29።

ምን ሆኖ ነው? ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ስለዚህ ይቀላል። ላክቶሜትሩ የተሠራው ለአንድ ሙቀት ነው፣ በብዛት ለ20 ዲግሪ፤ ለ15.5 ዲግሪ የተሠሩም አሉ፣ ዘንጉ ላይ ተጽፏልና እዩት። ለ20 የተሠራ ከሆነ ከ20 በላይ ለሆነችው ለእያንዳንዷ ዲግሪ 0.2 ትጨምራላችሁ፣ ከ20 በታች ለሆነችው ደግሞ 0.2 ትቀንሳላችሁ። ለምሳሌ 24 ዲግሪ ላይ 27 ካነበበ፣ 4 ሲባዛ 0.2 ማለት 0.8፣ ስለዚህ ትክክለኛው 27.8 ነው። 17 ዲግሪ ላይ 30.6 ካነበበ 0.6 ቀንሱ፣ 30 ይሆናል።

የእትዬ ወተት 34 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ያኔ ሒሳቡን ባውቀው ብቻውን 3 ነጥብ ገደማ ይመልስልኝ ነበር። ግን እሱም አይበቃም፦ እንደታለበ ወተት ውስጥ ገና ያልወጣ አየር አለ፣ ቅቤውም ገና ፈሳሽ ነው፤ ሲቀዘቅዝና ሲጠጥር ነው የሚሰበሰበው። ለዚህ ነው ከታለበ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይለካ የሚባለው። ማስተካከያውም የሚያስተማምነው ሙቀቱ ለ20 ቀረብ ሲል ነው። 34 ላይ ለክቶ ሒሳብ መሥራት ራስን ማታለል ነው። እኛ ደግሞ ዕድለኞች ነን፤ የጅማ አየር ለ20 ዲግሪ ቅርብ ነው፣ ወተቱን ጥላ ውስጥ፣ ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ ብታቆዩት ራሱ ይደርሳል።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ጓሮዋ ቡና ለሞላ ሴት ቡና አይወሰድ፣ ስኳር ይዤ ነበር። አሁን ወተታቸውን ያመጡልኛል፣ ግን እስከ ዛሬ ስለካ አያዩኝም፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ።

ውሃ ሲገባ ቁጥሩ በስንት ይወርዳል?

በግምት ለእያንዳንዱ 10 በመቶ ውሃ 3 ነጥብ። 30 የነበረ ወተት አንድ አሥረኛው ውሃ ከሆነ 27 ይሆናል፣ አንድ አምስተኛው ውሃ ከሆነ 24።

ቁጥሩ ደህና ከሆነ ውሃ የለበትም ማለት ነዋ?

አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንደኛ፣ ደህና የሚባለው ክልል ሰፊ ነው። ከላሟ ሲወጣ 32 የነበረ ወተት 10 በመቶ ውሃ ቢገባበት 29 ያነባል፤ እናንተ "የተባረከ ወተት" ብላችሁ ትቀበሉታላችሁ። ከላሟ ሲወጣ 27 የነበረ ንጹህ ወተት ያመጣው ሰው ደግሞ ወተቱ ትንሽ ሞቆ ከ26 በታች ካነበበ ይወቀሳል።

ሁለተኛውና ተንኮለኛው ስልባቦቱ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ነው የምትመጣው። ቅቤው ወተቱን የሚያቀል ነገር ነው ብለናል፣ እሱ ከተነሳ የቀረው ወተት ይከብዳል። 30 የነበረ ወተት ስልባቦቱ ተገፎ ከተወሰደ 34 ገደማ ሊደርስ ይችላል። እዚያ ላይ 10 በመቶ ውሃ ጨምሩበት፣ ተመልሶ 31 አካባቢ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ተሰርቋል፣ ላክቶሜትሩ ግን "አበጀህ" ይላል! ቅቤ በተወደደበት ጊዜ ይህን የሚያስብ ሰው አይጠፋም። እኔ የምጠረጥረው ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ማኪያቶው ሲሳሳ፣ እርጎውም ላይ ቅባት ሲታጣ ነው።

ስለዚህ እፍግታ ብቻውን ሙሉ መልስ አይሰጥም፣ የቅባት ምርመራ አብሮት ሊሄድ ይገባል። በየወተት ማቀነባበሪያው የተለመደው የገርበር ዘዴ ነው፤ ከባድ አሲድ ስላለበት ለቤት አይሆንም። ውሃን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ከሁሉ የሚታመነው ወተቱ በስንት ዲግሪ እንደሚበርድ መለካት ነው። ንጹህ ወተት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው በረዶ የሚሆነው፣ ውሃ ሲገባበት ወደ ዜሮ ይጠጋል። መሣሪያው ውድ ነው፣ የላቦራቶሪ ነው። ብዙ ወተት የምትሰበስቡ ከሆነ ግን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ነው ያለው፣ ሄዶ ባለሙያ ማማከር አይከፋም።

ታዲያ ላክቶሜትር ምን ይሠራል? ይለያል። ከአሥር ጀሪካን የትኛውን ልብ ብዬ ልየው የሚለውን በሁለት ደቂቃ ይነግረኛል። በተለይ የየሰውን ቁጥር በየቀኑ ከጻፋችሁ። ሁልጊዜ 29 የሚያመጣ ሰው ድንገት 26 ካመጣ፣ 26 "ደህና" ቢሆንም፣ አንድ ነገር ተለውጧል። እኔ የምጽፈው በዱቤ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነው።

ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ሰው ሌባ ነው?

አሁንስ ምን ልበላችሁ? ከእትዬ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው ፊት አልናገርም።

ዝቅ የሚልበት ሌላ ምክንያት ብዙ ነው። ወተቱ ሞቃት ይሆናል። አረፋ ይይዛል። ላሟ ጡቷን ታማ ይሆናል፤ የጡት በሽታ የወተቱን ስኳር ይቀንሰዋል። መኖ አንሷት ይሆናል። ወይም ያመጡላችሁ መጨረሻ ላይ የታለበው ይሆናል፤ ከአንድ ላም መጀመሪያ የሚወጣው ወተት ቅባቱ ትንሽ ነው፣ ማለቂያው ላይ የሚወጣው ወፍራም ነው፣ ቅባት ሲበዛ ደግሞ ቁጥሩ ይወርዳል። ጀሪካኑን ያጠቡበት ውሃ ሳይንጠፈጠፍ የቀረም አለ፣ እሱ ስርቆት ሳይሆን ግድየለሽነት ነው።

ጥርጣሬው ከጸና አንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ ላሟን ራሷን መጠየቅ። በሚታለብበት ሰዓት ቤታቸው ትሄዳላችሁ፣ ዓይናችሁ እያየ እስከ መጨረሻው ይታለባል። ከብዙ ላም ከሆነ የሁሉም ይቀላቀላል። ያንን ወተት ወስዳችሁ በወጉ አቆይታችሁና አቀዝቅዛችሁ ትለካላችሁ፣ የቅባት ምርመራ ከተገኘም አብሮ ይታያል። በጀሪካን ሲመጣ ከነበረው ጋር ከተቀራረበ ሰውየው ንጹህ ነው፣ ላሟ እንደዚያች ናት። 29 ታልቦ 25 ሲመጣ ከነበረ መንገድ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ሲለካ ባለቤቱ ይኑር፣ ቁጥሩን ራሱ ያንብበው። አንዴ እንዲህ አድርገን የተገኘው የሚያመላልሰው ልጅ ነበር፣ ባለላሟ ጉዳዩን አያውቁም።

የሀበሻ ላምና የፈረንጅ ላም ወተት ቁጥራቸው ይለያያል?

ይለያያል፣ ግን በዚህ ቁጥር አታወዳድሯቸው። የሀበሻዋ ወተት ቅባቱ ይበዛል፣ የፈረንጇ መጠኑ ይበዛል። ለቅቤና ለእርጎ የትኛው እንደሚሻል ላክቶሜትር አይነግራችሁም፣ ምላስ ይነግራችኋል።

ቁጥሩ ከ32 በላይ ከሆነስ? የበለጠ ጥሩ ነው?

ይህን የጠየቀኝ ሰው በኩራት ነበር የጠየቀኝ። አይደለም። በጣም ከፍ ካለ ስልባቦቱ ተወስዷል፣ ወይም እንገር ተቀላቅሎበታል፣ ወይም የሆነ ነገር ተጨምሮበታል። እንገር ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ በጣም ይከብዳል፤ የጥጃው ድርሻ ነው፣ ሲፈላም ይቋጠራል፣ ለማኪያቶ አይሆንም።

ውሃውን ለመደበቅ ጨው፣ ስኳር ወይም ዱቄት የሚጨምር አለ። በ1 ሊትር 4 ግራም ጨው ብቻ 3 ነጥብ ገደማ ያነሳል፤ 10 በመቶ ውሃ የጣለውን ይመልሳል ማለት ነው። ጨውና ስኳርን በመቅመስ መያዝ ይቻላል፣ የፈላ ወተት ላይ ቅመሱት። ዱቄት ከሆነ ትንሽ ወተት አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ከፋርማሲ በሚገዛው አዮዲን ጠብ አድርጉበት፤ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ስታርች አለበት። የነካችሁትን ወተት ድፉት።

ላክቶሜትር የለኝም። ጥፍር ላይ ጠብ አድርጎ ማየት ይሠራል?

ጥፍር ላይ ጠብታው ከቆመ ንጹህ፣ ከፈሰሰ ውሃ ነው የሚሉት ነው? ግማሽ በግማሽ የተበረዘን ምናልባት ይለይ ይሆናል፣ ያንን ደግሞ ዓይንም ያየዋል። ለ10 በመቶ አይሠራም።

የተሻለው ሚዛን ነው። አፉ ጠባብ የሆነ የብርጭቆ ጠርሙስ ፈልጉ፣ ባዶውን መዝኑ። ውሃ እስከ አፉ ሙሉና መዝኑ። ደፍታችሁ አድርቁና ወተቱን እስከዚያው አፍ ሙሉ፣ መዝኑ። ሁለቱም በአንድ ሙቀት ይሁኑ። የጠርሙሱን ክብደት ከሁለቱም ቀንሱ፣ ከዚያ የወተቱን ለውሃው አካፍሉ። ውሃው 500 ግራም፣ ወተቱ 515 ግራም ከሆነ 1.030 ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በዚህ ጠርሙስ 10 በመቶ ውሃ የሚያመጣው ልዩነት 1 ግራም ተኩል ብቻ ነው። የሽንኩርት ሚዛን አያየውም፤ ግማሽ ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል፣ ጠርሙሱም ሁለቴ በትክክል እኩል መሞላት አለበት። ለአንድ ቀን ማረጋገጫ ይሆናል፣ ለየጠዋቱ ግን ትሰለቻላችሁ።

ላክቶሜትሬ ራሱ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ውሃ ውስጥ እየከተታችሁ አትጨነቁ፤ ከ15 የሚጀምር ዘንግ ውሃ ውስጥ ቁጥሩን አልፎ ይሰምጣል፣ አልተበላሸም። ይልቅ የስኳር ውሃ ሥሩ። 40 ግራም ስኳር በ460 ግራም ውሃ ውስጥ እስኪጠፋ አሟሙት፣ 20 ዲግሪ ይሁን። 30 አካባቢ ማንበብ አለበት። የኔ 29 ስላነበበ በሁሉም ላይ 1 እጨምራለሁ። ስንት ሰው በዚያች 1 ነጥብ ተቀይሞኝ ይሆን!

ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ሳይፈላ ይጠጣል?

አይጠጣም። ላክቶሜትር ጀርም አያይም። የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፣ ወተቱም 30 አንብቦ ያምራል። አፍሉት። መኮምጠር መጀመሩንም ቁጥሩ አይነግራችሁም፤ ለዚያ ትንሽ በማንኪያ ወይም በትንሽ ዕቃ አፍልታችሁ እዩ፣ ከተቋጠረ ለእርጎና ለአይብ እንጂ ለማፍላት አይሆንም። የረጋ ወተትም በላክቶሜትር አይለካም።

የገባው ውሃስ ከየት ነው የመጣው? ከአዌቱ ወንዝ ይሁን ከቧንቧ ማን ያውቃል። እኔን ከ3 ነጥቡ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

በኪሎ መሸጥ ይሻላል በሊትር?

በሊትር ተስማምታችሁ በሚዛን የምትቀባበሉ ከሆነ ሒሳቡን እወቁት። 100 ሊትር ወተት 103 ኪሎ ገደማ ነው። 1 ኪሎን እንደ 1 ሊትር ከቆጠራችሁ ገዢው ላይ በመቶው 3 ሊትር ያህል ያልፋል። ማን ይክፈለው የሚለውን ተነጋገሩ፣ እኔ በሊትር ነው የምገዛው።

ወተት የሚበረዘው መቼ ነው?

ሲፈለግና ሲጠፋ። እዚህ ከተማ ሁዳዴ ሲገባ የአንዱ ቤት ወተት ይተርፋል፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ማምሻውን ወተት ፈላጊው ይበዛል። በሚተርፍበት ወቅት ማንም አይበርዝም፣ ምን ሊያደርግለት? በሚጠፋበት ጊዜ ግን ደብተሬን ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

እንዴት ይታጠባል?

መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና። በፈላ ውሃ ከጀመራችሁ ወተቱ ብርጭቆው ላይ ይደርቃል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ቁጥሩን ያዛባል። አድርቁትና አስቀምጡት። ቀጭን ብርጭቆ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ከተዋችሁት ይንከባለላል። እኔ ሁለት ሰብሬያለሁ። ሦስተኛው ካልሲ ውስጥ ገብቶ፣ ከሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው።